የምንታጠብበትን እንጂ የምንጠጣውን ውሃ አናለስልስ

የኬሚስትሪ ተማሪ ለበዓል ወደ ቤተሰቡ በሄደ ቁጥር የሚጠብቀው የጥያቄ መዓት ነው። "ይህ ሳሙና ለፊት ይሆናል ወይ?"፣ "በረኪናን ከሌላ ነገር መቀላቀል ይጎዳል ይባላል፣ እውነት ነው?"፣ "ይህ ኮምጣጤ ደህና ነው?" የሚሉ ጥያቄዎች ለምደናቸዋል። አሁን ደግሞ ከበድ ያለ ጥያቄ ተጨምሮባቸዋል። "የውሃ ማለስለሻ ማሽን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ደግሞስ ውሃው ከለሰለሰ በኋላ ቢጠጡት ጤና ነው ወይ?" ይህ ጥያቄ እንደ ሳሙናው በአንድ ቃል ተመልሶ የሚያልፍ አይደለም። በአንድ በኩል ብዙ ሺህ ብር አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ መላው ቤተሰብ በየቀኑ የሚጠጣው ውሃ ጉዳይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምሟገትለት ሐሳብ አጭር ነው። ውሃው በእርግጥ ጠንካራ በሆነበት ከተማ ማለስለሻ ማሽን ለቦይለር፣ ለልብስና ለገላ መታጠቢያ ሊጠቅም ይችላል። የምንጠጣውንና ወጥ የምንሠራበትን ውሃ ግን እንዳለ መተው አለብን። "ጤና" የሚለውን ቃል ይዞ ማሽን የሚሸጥልን ሰው ነገሩን ገልብጦ እየነገረን ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ከመማሪያ ክፍላችን ባልራቀ ኬሚስትሪ ላስረዳ።

ለመሆኑ ጠንካራ ውሃ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ከስሙ እንነሳ። "ለስላሳ" ሲባል ሰው ሁሉ ቶሎ የሚታየው ጠርሙስ ውስጥ ያለው መጠጥ ነው፤ "ጠንካራ" ሲባል ደግሞ አረቄ። የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው። ውሃ ጠንካራ የሚባለው የካልሲየምና የማግኒዚየም አዮኖች ሲበዙበት ነው። መጠኑ የሚነገረው በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት የሚያህል እንዳለ በመቁጠር ነው። በተለምዶ ከ60 በታች የሆነው ለስላሳ፣ ከ120 በላይ የሆነው ጠንካራ፣ ከ180 ያለፈው ደግሞ በጣም ጠንካራ ይባላል። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ የሚፈቅደው እስከ 300 ነው።

ጠንካራ ውሃን ለማወቅ ግን ቤተ ሙከራ መግባት ግዴታ አይደለም። እናቶቻችን ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የሚባል ነገር ሳይሰሙ ያውቁታል። ሳሙናው አረፋ አይሰጥም፤ ይልቁንም እንደ እርጎ የተቆራረጠ ግራጫ ነገር ሆኖ ሳፋው ዳር ላይ ይለጠፋል። ይህ የሚሆነው ካልሲየሙ ሳሙናውን ይዞ የማይሟሟ ጨው ስለሚሠራ ነው። በራዱና ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ያወጣል። ፀጉር በዝናብ ውሃ ሲታጠብ የሚለሰልሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የዝናብ ውሃ ድንጋይ ውስጥ ስላላለፈ ካልሲየም የለበትም።

ጠንካራነቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከባይካርቦኔት ጋር ያለው ሲሆን ውሃው ሲፈላ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይዘቅጣል። በራዱ ላይ የምናየው ቅርፊት ይኸው ነው። ሁለተኛው ከሰልፌትና ከክሎራይድ ጋር ያለው ሲሆን ብናፈላው ብናፈላው አይለቅም።

የማን ከተማ ውሃ ነው ጠንካራው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "የኢትዮጵያ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል" ብሎ መናገር አይቻልም፤ ነገሩ የሚወሰነው ውሃው ባለፈበት ድንጋይ ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከሳቢያንና ከአካባቢው ጉድጓዶች የሚወጣውን የከርሰ ምድር ውሃ ነው። አካባቢው የኖራ ድንጋይ ስላለው ውሃው ካልሲየም ጠግቦ ነው የሚወጣው። መቀሌም እንደዚሁ የተቀመጠችው በኖራ ድንጋይ ላይ ሲሆን ዋናው ውሃዋ ከዓይናለም የጉድጓድ መስክ ሲመጣ ኖሯል። የእነዚህ ከተሞች ሰው ስለ ቅርፊት ቢያማርር እውነት አለው።

አዲስ አበባ ግን ሌላ ናት። ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው ውሃ በጥቁር ድንጋይ አገር ላይ የወረደ ዝናብ ተጠራቅሞ ነውና በተፈጥሮው ለስላሳ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ጠንከር ቢልም ከድሬዳዋው ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ የለገዳዲን ውሃ የሚጠቀም የአዲስ አበባ ነዋሪ ማለስለሻ ማሽን ሲገዛ የለሰለሰ ነገር ለማለስለስ ገንዘብ እያወጣ ነው። ከሁሉ በፊት ማስለካት ይቅደም የምለው ለዚህ ነው። ጥንካሬ መለካት በእኛ ትምህርት ክፍል የአንደኛ ዓመት ሥራ ነው። ጠቋሚ ቀለም ይጨመራል፣ ወይን ጠጅ የመሰለው ቀለም ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ይነበባል፣ አለቀ። የከተማ ውሃ አገልግሎቶችም መለኪያው አላቸው። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንደሚባለው ቁጥሩን ሳያዩ መፍረድ ጥሩ አይደለም።

ጠንካራ ውሃ ያሳምማል ወይ?

አንደኛው ትልቅ ፍርሃት የኩላሊት ጠጠር ነው። "በራዱን እንዲህ ያደረገ ኩላሊቴን ምን ያደርገው ይሆን!" ይባላል። ሐሳቡ ለጆሮ የሚገባ ነው፤ ግን ኩላሊት በራድ አይደለም። ጠጠር የሚበዛው ሰው ውሃ ሲያሳንስና ሽንቱ ሲወፍር ነው። ከሁሉም የሚበዛው የጠጠር ዓይነት ካልሲየም ኦክሳሌት ሲሆን ከምግብና ከውሃ የሚገኝ ካልሲየም ኦክሳሌቱን ገና አንጀት ውስጥ እያለ ይዞት እንዲወጣ ያደርጋል። ስለዚህ ካልሲየም መሸሽ ሁልጊዜ ከጠጠር ማምለጥ አይደለም። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት "ውሃው ጠጠር ያመጣል" ብሎ ውሃ መጠጣት የቀነሰ ሰው ጠጠሩን ራሱ እየጠራው ነው። ጠጠር ያለበት ሰው የራሱን ሐኪም ይጠይቅ፤ ሌሎቻችን ግን ፈርተን ውሃ አናሳንስ።

የዓለም ጤና ድርጅትም ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት የተቀመጠ ጣሪያ የለውም። ጉዳዩን የሚያየው ከጣዕምና ከቅርፊት አንጻር ነው። እንዲያውም ጥናቶች የሚያዘነብሉት ወደ ሌላው ጎን ነው። ኮባያሺ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1957 በአገሩ የወንዞች ውሃ ጠባይና በአንጎል ደም መፍሰስ በሚሞቱ ሰዎች ቁጥር መካከል ዝምድና እንዳለ ካሳየ በኋላ በብዙ አገሮች ተመሳሳይ ጥናት ተደርጓል። በብዙዎቹ ጠንካራ ውሃ በሚጠጣበት አካባቢ በልብና በደም ሥር በሽታ የሚሞተው ሰው አነስ ብሎ ተገኝቷል፤ በተለይ ማግኒዚየም ስሙ ይነሣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ካልሲየምና ማግኒዚየም በመጠጥ ውሃ ውስጥ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አውጥቷል። በእርግጥ ዝምድና መኖሩ ብቻውን ምክንያትነትን አያረጋግጥም፤ ይህን ስታቲስቲክስ የወሰደ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን "ካልሲየሙን አውጡልኝ፣ እንዳልታመም" ለሚለው ሰው ማስረጃው እንደማይደግፈው ለመናገር ይበቃል።

ስለ ቆዳም ይነሣል። ጠንካራ ውሃ ቆዳን እንደሚያደርቅ ብዙ ሰው ይናገራል፣ ሳሙናው ቆዳ ላይ መቅረቱም እውነት ነው። ይሁን እንጂ እንግሊዝ አገር ኤክዜማ ያለባቸውን 336 ልጆች ይዞ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ማለስለሻ ማሽን ቤታቸው የተተከለላቸው ልጆች ከሌሎቹ የተሻለ ለውጥ እንዳላሳዩ አረጋግጧል። ስለዚህ ለምቾት የሚገዛ ለምቾት ይግዛ፣ እንደ መድኃኒት ግን አይቁጠረው።

ማሽኑ ምን ያደርጋል?

የማሽኑ ሥራ አስማት የለበትም። በአንድ ረጅም ጋን ውስጥ ሬዚን የሚባሉ ትንንሽ የፕላስቲክ እንክብሎች አሉ። እንክብሎቹ ሶዲየም ተሸክመዋል። ጠንካራው ውሃ በመካከላቸው ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየሙን ይይዙና ሶዲየሙን ይለቃሉ። እንክብሎቹ ካልሲየም ሲጠግቡ የጨው ውሃ ይለቀቅባቸዋል፣ ካልሲየሙ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፣ እንደገና ሶዲየም ይሸከማሉ። ስለዚህ ማሽኑ ከውሃው ውስጥ ነገር አውጥቶ ባዶ አይተውም። ይለውጣል። የኛ ሰው ልብ ሊለው የሚገባው ይህን ቃል ነው።

ልውውጡ ስንት በስንት ነው? ካልሲየም ሁለት ቻርጅ ስላለው አንዱ ሲወጣ ሁለት ሶዲየም ይገባል። በስሌት፣ ለእያንዳንዱ 100 ሚሊ ግራም ጥንካሬ 46 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይገባል ማለት ነው። እስኪ ጥንካሬው 400 የሆነ ውሃ እንውሰድ። ሲለሰልስ በእያንዳንዱ ሊትር 184 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይጨመርበታል። ቀን ሁለት ሊትር የሚጠጣ ሰው 368 ሚሊ ግራም ሶዲየም ያገኛል፤ በገበታ ጨው ሲታሰብ ወደ 1 ግራም ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም ሶዲየም፣ ማለትም ከ5 ግራም ጨው እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዚያ ውስጥ አምስተኛው የሚሆነው በመጠጥ ውሃ ብቻ ገባ ማለት ነው። በቆላ አገር በሙቀት አራት ሊትር የሚጠጣ ደግሞ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይደርሳል። ወጡ፣ ሻዩና ሊጡ በዚሁ ውሃ ከተሠራ የዚያም ድርሻ ይጨመርበታል።

አሁን ደግሞ የወጣውን እንይ። ከ400ው ውስጥ 300ው የካልሲየም ድርሻ ቢሆን በአንድ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለ። በሁለት ሊትር 240 ይሆናል። አንድ ብርጭቆ ወተት የሚሰጠው ካልሲየም ይህንኑ ያህል ነው። በውሃ ውስጥ ያለ ካልሲየም ደግሞ ሰውነት እንደ ወተቱ አድርጎ ይቀበለዋል። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 1,000 ሚሊ ግራም ገደማ ስለሆነ አራተኛው ያህል ነው ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ወደ እኛ ማዕድ እናምጣው። ጾም የሚጾም ክርስቲያን በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ ወተት፣ አይብና ቅቤ አይቀምስም። ወተት ከቤቱ የማይጠፋም ሰው ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚጠጣው በማኪያቶ ልክ ነው። ጤፍ ካልሲየም እንዳለው አውቃለሁ፤ ጎመንም ይረዳል። ቢሆንም በየቀኑ በነፃ የሚገኝ አንድ ብርጭቆ ወተት የሚያህል ካልሲየም ከፍሎ አስወጥቶ በምትኩ አንድ ግራም ጨው የሚያህል ሶዲየም ማስገባት ምን ዓይነት ንግድ ነው? ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ልውውጥ ያደረገ ሰው ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚባል እናውቃለን።

ማንን ይጎዳል?

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል አንድ ነገር ልናገር። የለሰለሰ ውሃ መርዝ አይደለም። ጤነኛ የሆነ አዋቂ እንግድነት ሄዶ ቢጠጣው ምንም አይሆንም። አብዛኛውን ሶዲየም የምናገኘውም ከውሃ ሳይሆን ከምግብ ነው። እኔ የምሰጋው ለሌሎች ነው።

አንድ አጎት አለኝ፣ ድሬዳዋ ነው የሚኖረው። የደም ግፊት ስላለበት ሐኪሙ ጨው ከልክሎታል። ቤት ውስጥ ለእሱ የሚሠራው ወጥ ተለይቶ ነው፣ ጨው አልባ። እሱን ነው እንግዲህ "ካልሲየሙ ለልብህ ጥሩ አይደለም" ብለው ለቤቱ በሙሉ ማለስለሻ ሊያስገቡለት የተነጋገሩት። አስቡት፤ አክስቴ ከወጡ ላይ በማንኪያ የቀነሰችውን ሶዲየም ማሽኑ በቧንቧ ሊመልስበት ነው። ሻጩ ክፉ ሰው ነው አልልም። ምናልባት "ለጤና" የሚለውን እሱም ከወረቀት ላይ አንብቦት ይሆናል። ነገር ግን የታመመ ሰው ቤት ሲገባ "ጨው የተከለከለ ሰው አለ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

የደም ግፊት ያለባቸው፣ የልብና የኩላሊት ሕመምተኞች፣ እንዲሁም የዱቄት ወተት እየተበጠበጠላቸው የሚያድጉ ሕፃናት ከለሰለሰ ውሃ መራቅ ያለባቸው ናቸው። የሕፃን ኩላሊት ብዙ ሶዲየም የማስወጣት አቅም የለውም፣ የሚጠጣው ደግሞ ለክብደቱ ብዙ ነው። "እንግዲያው በገበታ ጨው ምትክ ፖታሲየም ክሎራይድ እንጨምራለን" የሚሉም አሉ። ይህ ሶዲየሙን ያስቀራል፤ ይሁን እንጂ ኩላሊቱ ለደከመና አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ፖታሲየም ራሱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ሳይጠየቅ የሚደረግ አይደለም።

ማሽኑ የማያደርገው

ሌላው የሚያሳስበኝ ሰዎች ማለስለሻን ከማጣሪያ ጋር መቀላቀላቸው ነው። ማለስለሻ ጀርም አይገድልም። እንዲያውም ውሃ ሳያልፍበት የከረመ ሬዚን ራሱ የባክቴሪያ ማደሪያ ሊሆን ይችላል። ናይትሬትም አያወጣም። ፍሎራይድም አያወጣም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እንክብሎቹ የሚለውጡት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸውን አዮኖች ነው፣ ፍሎራይድና ናይትሬት ደግሞ ኔጋቲቭ ናቸው።

ይህ ለስምጥ ሸለቆ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የሚወጣው የጉድጓድ ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው። ማለትም ተፈጥሮ ራሷ አለስልሳዋለች። ካልሲየም ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞ ካልሲየም ፍሎራይድ ሆኖ በዘቀጠ ነበር። ካልሲየም ሲጠፋ ግን ፍሎራይዱ ውሃው ውስጥ እንደሟሟ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በሸለቆው ከ10 በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። የበለዘ ጥርስ የመጣው ከዚህ ነው፤ በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የታየው የአጥንት ፍሎሮሲስም እንደዚሁ። እዚያ የሚያስፈልገው በአጥንት ከሰል ወይም በሌላ ዘዴ ፍሎራይድ ማውጣት እንጂ ማለስለሻ አይደለም። ያ ለስላሳ ውሃ ሳሙና ጥሩ አድርጎ ይዛል። ጤናማ ግን አይደለም። "ለስላሳ" እና "ጤናማ" የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

ልግዛ ያለ ሰው ምን ይመልከት?

ቅርፊት ቦይለር እንደሚያበላሽ፣ የመብራት ወጪ እንደሚጨምርና ሳሙና እንደሚያስጨርስ አልክድም። ከመግዛት በፊት ግን ቀላሉን እንሞክር። የበራድና የማንቆርቆሪያ ቅርፊት በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ ይለቃል፤ ሲፍለቀለቅ የሚታየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቅርፊት በሙቀት ስለሚብስ ቦይለሩን ከ60 ዲግሪ በላይ አለማጋል ይረዳል። ለልብስ ደግሞ የዱቄት ሳሙና ከደረቅ ሳሙና ይልቅ ጠንካራ ውሃን ይቋቋማል። ብዙ ቤት በዚህ ብቻ ይበቃዋል።

ይህ አልበቃ ያለውና መግዛት የቆረጠ ሰው የሚከተሉትን ይጠይቅ።

አንደኛ፣ ማሽኑ የሚገባው የት ላይ ነው? የቧንቧ ሠራተኛው መስመሩን ሲከፍል የወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ ውሃ ከማሽኑ በፊት ይውጣ። ወደ ቦይለሩ፣ ወደ መታጠቢያውና ወደ ልብስ ማጠቢያው የሚሄደው ብቻ ይለስልስ። ይህ አንድ ቲ መጋጠሚያና ጥቂት ሜትር ቧንቧ ነው፤ ወጪው ከማሽኑ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ አይባልም። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር በአንድ የቧንቧ መጋጠሚያ ላይ ያለ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛ፣ መጠኑ። አንድ ሊትር ሬዚን በተለመደው አሠራር 50 ግራም ገደማ ጥንካሬ ይይዛል። 20 ሊትር ሬዚን ያለው ማሽን 1,000 ግራም ይይዛል ማለት ነው። ጥንካሬው 400 የሆነ ውሃ በቀን 300 ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ በቀን 120 ግራም ስለሚያስገባ በየስምንት ቀኑ ማሽኑ በጨው መታደስ አለበት። ለእያንዳንዱ እድሳት ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ጨው ይሄዳል፤ በወር ወደ 10 ኪሎ ነው። አፈር ያለበት ጨው ቫልቩን ስለሚደፍን ንጹሕ ጨው መሆን አለበት። በዚሁ ስሌት ሻወር ጫፍ ላይ የሚገጠመውን "ማለስለሻ" እንመርምረው። 100 ሚሊ ሊትር ሬዚን ቢኖረው እንኳ 5 ግራም ይይዛል። ይህ 12 ሊትር ተኩል ውሃ ነው፤ አንድ ጀሪካን ሳይሞላ አለቀ!

ሦስተኛ፣ ግፊት፣ ውሃና መብራት። ማሽኖቹ የተሠሩት ውሃ ሳይቋረጥ ለሚመጣበት አገር ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣለትና ከጣሪያ ላይ ሮቶ የሚጠቀም ቤት፣ ሮቶው 4 ሜትር ቢቀመጥ የሚያገኘው ግፊት 0.4 ባር ነው። አብዛኞቹ ማሽኖች ከ1 ባር በላይ ስለሚፈልጉ ያለ ፓምፕ አይሠሩም። በሰዓት ቆጣሪ የሚሠራው ዓይነት መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ሊሳሳትና እኩለ ቀን ላይ ራሱን ሊያጥብ ይችላል። ያለፈበትን ውሃ ቆጥሮ የሚታደሰው ይሻላል፣ ጨውና ውሃም ይቆጥባል። እድሳቱ ራሱ ውሃ ስለሚጨርስ ውሃ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ይህም ይታሰብ።

አራተኛ፣ የጨው ውሃው የት ይፈሳል? ወደ ጓሮ ከለቀቅነው ሶዲየሙ አፈሩን ያደነድነዋል፣ አትክልቱን ያደርቀዋል። ጎረቤት ጋ የሚፈስ ከሆነ ደግሞ ጣጣው ከኬሚስትሪ ይወጣል።

አምስተኛ፣ በማሳያ አንታለል። አንዳንድ ሻጭ ሁለት የብረት ዘንግ ያለው መሣሪያ ውሃው ውስጥ ይነክርና ውሃው እንደ ጭቃ ሲሆን "ይኸው የምትጠጡት ቆሻሻ!" ይላል። ያ ቡናማ ነገር በኤሌክትሪኩ የተበላው የዘንጉ ብረት ነው። ማዕድን የሌለበት ውሃ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ብቻ አይቀየርም። ቲ.ዲ.ኤስ. ሜትርም ለዚህ ማሽን ማስረጃ አይሆንም፤ ማለስለሻ አዮን በአዮን ስለሚለውጥ ቁጥሩ አይቀንስም። ማግኔት ቧንቧ ላይ አስሮ "ለሰለሰ" የሚል ካለም ከማግኔቱ በፊትና በኋላ ያለውን ውሃ አስመጡና በኢ.ዲ.ቲ.ኤ. እንለካው፤ ካልሲየሙ እዚያው ነው።

ማጠቃለያ

አንዳንድ ጓደኞቼ "ሰው በራሱ ገንዘብ የፈለገውን ቢገዛ አንተ ምን አገባህ?" ብለውኛል። ገንዘቡ የራሱ ነው፣ እውነት ነው። ግን የሚሸጥለት በእኛ ትምህርት ስም ነው። "ካልሲየም"፣ "አዮን"፣ "ሬዚን" እየተባለ የሚነገረው ከደብተራችን የተወሰደ ነው። እነዚህ ቃላት ሰው ለማስፈራሪያ ሲውሉ እኛ ዝም ካልን ሌላ ማን ይናገር? በድሬዳዋና በመቀሌ ያለን ተማሪዎች በየሰፈራችን ያለውን ውሃ ለክተን ቁጥሩን ለነዋሪው ብንነግር ከብዙ ማስታወቂያ የሚበልጥ አገልግሎት እንሰጣለን። የሚያስፈልገው አንድ ቢዩሬት፣ ጥቂት ሬኤጀንትና አንድ ቅዳሜ ነው።

እስከዚያው ግን ለሚጠይቀን ዘመድ ሁሉ መልሱ አንድ ይሁን። ውሃህን አስለካ። ጠንካራ ከሆነና አቅሙ ካለህ ለቦይለሩና ለልብሱ አለስልስ። የምትጠጣውን፣ ለልጅ የምትበጠብጥበትንና ወጥ የምትሠራበትን ግን ከማሽኑ በፊት ቅዳ። በራዱ ላይ ያለው ነጭ ነገር በሎሚ ይለቃል፤ በየቀኑ ሳናውቀው የምንጠጣው ሶዲየም ግን እንደዚያ በቀላሉ የሚለቅ አይደለም።